ሐረጎ ላይ ከብስክሌቱ የወረደው

ፒያሳ ላይ አዲስ የብስክሌት መንገድ ተሠርቷል። አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ፣ ነጭ መስመር ተሰምሮበት፣ ዳርና ዳሩ ችግኝ ተተክሎበት ሲታይ ደሴ ሳይሆን ሌላ አገር ይመስላል። ዕድሜዬን ሙሉ መንገድ ሥራ ላይ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና መንገድ አይቶ ዝም ማለት አይሆንልኝም፤ አንድ ቀን ከዘራዬን ይዤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ልሄድበት ተነሣሁ። ብዙም አልሄድኩ። መንገዱ የመብራት እንጨት ጋ ደርሶ ቆመ። ከእንጨቱ ወዲያ ብስክሌተኛው ምን እንዲሆን እንደታሰበ እኔ አላውቅም፣ የሠሩትም የሚያውቁ አይመስለኝም። ያም ሆኖ ለዓይን ሸጋ ነው። ባጃጆች ቆመው ተሳፋሪ ይጠብቁበታል፣ ሴቶች በቆሎ ይጠብሱበታል፣ አልፎ አልፎም ብስክሌት ይነዳበታል።

ባለፈው ሳምንት ከወዳጄ ከአራጋው ጋር ከዚሁ መንገድ ዳር ካለች ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሳለ ጀናዛ መጣ። ሰዉ እንደ ወጉ ተነሣ። ባለሱቁ ሚዛኑን ትቶ ወጣ፣ ባለባጃጁ ሞተሩን አጠፋ። አራጋውም እኔም ክርስቲያኖች ነን፤ ወሎ ላይ ግን ሬሳ ሲያልፍ የየትኛው ሃይማኖት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ባርኔጣችንን አውልቀን ቆምን። በዚህ መሀል አንድ ወጣት በአረንጓዴው መንገድ ላይ ብስክሌቱን እያበረረ መጣ። ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቷል። እንዳቀረቀረ ከቃሬዛው ጎን ሽው ብሎ አለፈ።

«አየኸው ይሄን?» አለ አራጋው፣ ፊቱ ቀልቶ። «ሬሳ እኮ ነው! ቢወርድ ምን ይሆናል?»

«ምን እንደሚሆን እኔ አውቃለሁ» አልኩት። «ተወው፣ ይሂድ።»

አራጋው እንደ እብድ አየኝ። እውነቱን ነው፤ በሰፈሩ ውስጥ ልጆች ለሽማግሌ ወንበር አልለቀቁም ብሎ የሚቆጣ፣ ለቅሶ የቀረን ሰው የሚያኮርፍ እኔ ነኝ። ግን ከአፌ ወጣ፤ ካወጣሁትም በኋላ አልተጸጸትኩም። ለአራጋው ያን ዕለት ያልነገርኩትን እዚህ ልጻፈው።

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን፣ ከድርቁ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። እኔ ያኔ ለጋ ጎረምሳ ሆኜ መንገድ ጥገና ተቀጥሬ የጉድጓድ ደፋኞች አለቃ ነበርኩ። ሹመቱ ለሰርግ የሚያስጠራ ባይሆንም የመንግሥት ሠራተኛ የሚል መታወቂያ ነበረው። ያ መታወቂያ በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደነበር ኋላ ላይ ይገባችኋል።

ብስክሌት የሚወድ ሰው ደሴ ላይ መወለዱ የፈጣሪ ቀልድ ነው። ከተማው ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት፤ ዳቦ ሊገዛ የወጣ ሰው እያለከለከ ነው ቤቱ የሚመለስ። እኛ ግን ጥቂት ያበድን ልጆች ነበርን፤ መንገዶቹንም እንደ ዘመድ ፊት እናውቃቸው ነበር። ወደ ቦሩ ሜዳ የሚወስደው አለ። ዳገቱን እየማልንና እየተገዘትን ወጥተን እዚያ ስንደርስ መሬቱ ድንገት ይለጠጣል፤ ከዚያማ ነፋሱን ተቀብሎ መብረር ነው። ከቦሩ ሜዳ ወዲያ ኮረኮንቹ እስከ ኩታበር ይዘልቃል። በመስከረምና በጥቅምት የባቄላው እሸት መንገዱ ድረስ ይደርሳል፤ አጥር ስር ስንቆም ባለቤቱ «ኑ ግቡ፣ ዝም ብላችሁ ታዩታላችሁ እንዴ?» ይለናል። ከድርቁ በኋላ የመጣ እሸት ነበርና ሰው እሸቱን ለሌላ ሲያካፍል በእርግጥ መብቀሉን የሚያረጋግጥ ይመስል ነበር። አሁንም ጥሬ ባቄላ ስበላ ጣዕሙ ከአቧራ ጋር ነው የሚመጣብኝ።

በደቡብ በኩል ደግሞ ሐረጎ አለ። ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው አስፋልት ተራራውን እየተጠመዘዘ ነው የሚወርደው፤ አናቱ ላይ ጉምና ብርድ፣ ግርጌው ላይ ሙቀት ነው። ሹራብ ለብሰን ጀምረን በሸሚዝ እንጨርሰው ነበር። የፍሬን ጎማ ከገበያ የጠፋበት ጊዜ ስለነበር ቁልቁለቱን የምንወርድበት የራሳችን ዘዴ ነበረን። ከአናቱ ላይ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጠን፣ ከኋላ በገመድ አስረን፣ አስፋልቱ ላይ እየጎተትን እንወርዳለን። ቅጠሉ ሲፋጭ ሽታው ጉንፋን የያዘውን አፍንጫ ይከፍታል። ታች ስንደርስ የተላጠውን እንጨት ለአንዲት ሻይ ሻጭ እንሰጣታለን፤ እሷም በዚያው አንድዳ ሻይ ታፈላልናለች። በሶ በጥብጠን፣ ፓፓያ ቆርጠን፣ በሙቀቱ ላላ ብለን እንቀመጣለን። የመመለሻውን ዳገት ደግሞ ቀስ ብለው የሚያዘግሙትን የጭነት መኪኖች ጭራ ይዘን እንወጣዋለን። ደግ ረዳት ሲገጥመን አይቶ እንዳላየ ያልፈናል፤ ክፉው ውኃ ይደፋብናል።

ሙሄ ግን አንድ ቀን እንኳ የመኪና ጭራ ይዞ አያውቅም። «እግሬ ይሰንፍብኛል» ይል ነበር።

ሙሄ የኩታበር ልጅ ነው። ደሴ አጎቱ ዘንድ ሆኖ ይማር ነበር፤ ቅዳሜ እናቱን እትየ ዘሀራን ሊጠይቅ ይሄዳል፣ ሰኞ ጠዋት ገብሱንና ሽሮውን ጭኖ ይመለሳል። እግሩን የሠራው ያ ኮረኮንች ነው። ብስክሌቱ ጥቁር የቻይና ብስክሌት ነበረች፤ ክብደቷ ያህያ ነው ማለት ይቻላል። እሱ ደግሞ ቀጭን፣ ንግግር የማያበዛ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ልጅ ነበር። ዳገት ላይ ከኋላው ሆኜ ሳየው አንድም ቀን ከመቀመጫው ሲነሣ አላየሁም። ዝም ብሎ ይረግጣል፣ ዳገቱ ያልቃል።

አንድ ጠዋት ቦሩ ሜዳ ላይ ጎን ለጎን ስንነዳ ከሜዳው ማዶ ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች ታዩ። እኔ ሲደርሱ እወርዳለሁ ብዬ መንዳቴን ቀጠልኩ። ሙሄ ብስክሌቱን ሜዳው ላይ አጋደማትና ማሳውን አቋርጦ እየሮጠ ሄደ። ወጉን እኔም አውቀዋለሁ፤ በእኛ አገር ጀናዛ የገጠመው መንገደኛ ትከሻውን አቅርቦ ይሸከማል፣ የሚረከበው ሲመጣ ይለቃል። ማንም ግን ማሳ አቋርጦ አይሮጥም። ሲመለስ ትንሽ አሾፍኩበት፤ «የምታውቃቸው ሰዎች ናቸው?» አልኩት።

«አላውቃቸውም» አለ። ብስክሌቱን አንሥቶ ጥቂት ከገፋት በኋላ ተናገረ። «አባየ በድርቁ ጊዜ ከዚሁ ሜዳ ዳር ነው የሞተው። እህል ፍለጋ ደሴ ልንገባ ስንል። መንገዱን ሙሉ ሰው ወድቋል፤ ማን ማንን ያነሣል? የቆሙትም ለመቆም ያህል ነው የቆሙት። እኔ እሱን ተቀምጬ እጠብቃለሁ፣ አሞራውን እያባረርሁ። አራት ሰዎች መጡ። ከእኔ የባሱ ነበሩ፣ ወላሂ። ተሸከሙት። ቀብረውት ሄዱ። ደምስ፣ ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኋቸውም።»

ደምስ እኔ ነኝ፤ ደምሴ ብሎ የሚጠራኝ አለቃዬ ብቻ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ጀናዛ ከሩቅ ሲታይ ከእሱ ቀድሜ መውረድ ጀመርኩ።

በዚያ ዓመት ብሔራዊ ውትድርና ከተማውን ያስጨንቅ ነበር። ቀበሌው የወጣት ስም ይመዘግባል፤ ስሙ የወጣበት ልጅ ከጠፋ እናት አባቱ ይታሰራሉ። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነና ፋብሪካ የተቀጠረ ግን በአብዛኛው አይነካም ነበር፤ ያቺ የጉድጓድ ደፋኝነት መታወቂያዬ ያኔ ነው ዋጋዋ የታወቀኝ። የሙሄ ስም ወጣ። አጎቱ ሲነግረኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር፣ የታመመ ሰው ቤት ውስጥ እንዳለ።

ከዚያ ወሬ ጋር አብሮ ሌላ ወሬ መጣ። ኮምቦልቻ ካሉት ፋብሪካዎች አንዱ የብስክሌት ቡድን ሊያቋቁም ነው፤ ከደሴ ፒያሳ ተነሥቶ ኮምቦልቻ ደርሶ መልስ ውድድር ይደረጋል፤ አንደኛ የወጣው ይቀጠራል። የስፖርት ኮሚቴው ሰው ይህንኑ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ቆሞ ተናገረ። እኔ ሙሄን ዞር ብዬ አየሁት። አፉን በእጁ ሸፍኖ ነበር።

መመለሻው ሐረጎ ነው፤ ሐረጎን ደግሞ ከሙሄ ጋር የሚወጣ አልነበረም። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነበሩን። ጭቃ የሚከላከሉትን ፓራፋንጎዎች ፈታን፣ የዕቃ መጫኛውን አነሣን፣ ካቴና የምንለውን ሰንሰለት በጋዝ አጠብነው። በውድድሩ ላይ ቅርንጫፍ መጎተት ክልክል ነው ስለተባለ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የፍሬን ላስቲክ ቆርጬ አበጀሁለት። እትየ ዘሀራ ከኩታበር በሶና ማር ላኩ። «ለእግርህ ዱዓ አድርጌያለሁ» ብለው ላኩበት። እኔም ለመወዳደር ተመዘገብኩ፤ እንደማላሸንፍ አውቃለሁ፣ ሜዳው ላይ ንፋሱን ልከላከልለት ነው።

የውድድሩ ቀን ጠራራ የጥር ጠዋት ነበር። መፈክር ተባለ፣ ንግግር ተደረገ፣ ብርዱ እግራችንን አደነዘዘው። ከተወዳዳሪዎቹ መካከል ጠማማ መሪ ያላት ቀላል የውድድር ብስክሌት የነበረው ግርማ የሚባል የኮምቦልቻ ልጅ ብቻ ነበር። አባቱ ለሥራ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ነው። ጥሩ ልጅ ነበር፤ ከመነሣታችን በፊት የሙሄን ጎማ በእጁ ጫን አድርጎ «አየር ጨምርበት፣ ላልቷል» ብሎ የራሱን መንፊያ ሰጥቶታል። ይህን የምጽፈው ማንም እንዳይፈርድበት ነው።

ቁልቁለቱን ግርማ ቀደመን። የቆረጥኩት ላስቲክ ጠርዝ ጠርዙ ላይ እየጨሰ ኮምቦልቻ ገባን፤ ሰዉ ግራና ቀኝ ቆሞ ያጨበጭባል፣ ሸንኮራ የሚያኝኩ ልጆች ይጮኻሉ። መዞሪያ ተብሎ የቆመውን በርሜል ዞረን ስንመለስ ሙሄ ከፊቱ ብዙ ሰው ነበረው። ሜዳው ላይ ከፊቱ ሆኜ እስኪያቅለሸልሸኝ ድረስ ነዳሁለት። የዳገቱ ግርጌ ስንደርስ ትከሻዬን መታ አደረገኝና አለፈኝ። ከዚያ በኋላ ያየሁት ጀርባውን ብቻ ነው። አንዱን አለፈ፣ ሌላውን አለፈ። ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ግርማን ያዘው። ከታች ሆኜ ቀና ስል ጥቁሯ ብስክሌት ከሁሉም በላይ ብቻዋን ስትወጣ አየኋት፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። «አበቃ» አልኩ ብቻዬን ጮክ ብዬ። «ወጣ! ልጁ ዳነ!»

አናቱ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ጀናዛው መጣ።

ከሸለቆው ወጥቶ አስፋልቱን አቋርጦ ወደ ላይኛው መቃብር የሚሄድ ነበር። እኔ ሲያሸንፍ ልየው ብዬ የአንድ ጭነት መኪና ጭራ ይዤ፣ ግርማንና ሌሎቹን አልፌ ስደርስ ሙሄ ወርዶ ነበር። ብስክሌቷ ሣር ላይ ተጋድማለች፤ እሱ ከፊት በኩል የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ተሸክሟል። ብስክሌቴን ጥዬ ሮጥኩ። «ስጠኝ!» አልኩት። «እኔ አለሁ፣ በእናትህ ሂድ!» ሰጠኝ። እውነቱን መናገር ካለብኝ፣ ሰጠኝ፤ ዞሮም ወደ ብስክሌቷ ሮጠ። አንሥቷት አንድ እግሩን ፔዳሉ ላይ አድርጎ ነበር።

የተሸከሙት ግን ሽማግሌዎች ነበሩ። ሌላ ሰው አልነበረም። የመንደሩ ጎረምሳ ግማሹ ሰፈራ፣ ግማሹ ግንባር ሄዷል፤ ተቀባይ የሚሆን አንድ ጎልማሳ እንኳ ከኋላ አልነበረም። ከጎኔ የነበሩት ሽማግሌ ጉልበታቸው ከዳቸውና ቃሬዛው ዘመም አለ። ሬሳው የተከፈነበት ነጭ ጨርቅ ወደ ዳር ሲንሸራተት አየሁ። ሙሄም አየ። ብስክሌቷን ለቀቃት፤ ስትወድቅ ደወሏ ጮኸ። መጥቶ የሽማግሌውን ቦታ ያዘ።

«አብደሃል? ሙሄ! አብደሃል ወይ?»

«ደምስ፣ ይወድቅባቸዋል እኮ» አለ።

ልመታው ፈልጌ ነበር። ቃሬዛ ባልሸከም ኖሮ እመታው ነበር። ግርማ ከታች መጣ፤ መሪው ላይ እንደተደፋ፣ ዓይኑ ከፊት ጎማው ሳይነሣ አለፈ። ከኋላው የመጣው የደሴ ልጅ አየን፤ ሳይወርድ አማተበና አለፈ። ከዚያ ሌሎቹ። እኛ ሬሳ ተሸክመን በቀስታ፣ በዚያ በሽማግሌዎቹ እርምጃ፣ ቁልቋልና ጥድ በበዛበት ገደል ዳር ወጣን። የማንን ሬሳ እንደተሸከምን አናውቅም። አፈር እስኪመለስ ድረስ ሙሄ አካፋ አልለቀቀም።

ካበቃ በኋላ ጉልበታቸው የከዳቸው ሽማግሌ፣ ሼህ ይመር፣ ወደ እኛ ቀረቡ። «አሏህ ይስጥልኝ ልጆቼ። ከየት ነው የመጣችሁ? ይሄስ ደረታችሁ ላይ የተሰፋው ቁጥር ምንድን ነው?»

እኔ ነገርኳቸው። ሁሉንም፣ ፋብሪካውንም፣ ውትድርናውንም፣ ምንም ሳላስቀር ነገርኳቸው፤ ንዴቴን የምወጣበት ሌላ ሰው አልነበረኝም። ሼህ ይመር ያልደረቀው አፈር ላይ ተቀመጡ።

«ያ ረቢ! ምን አደረግንህ ልጄ?»

«አብሽሩ፣ አባባ» አለ ሙሄ። «የተጻፈ ነው።»

ፒያሳ ስንደርስ ወንበሩ ተነሥቷል፣ ባንዲራው ተጠቅልሏል። አንድ ሰው የመድረሻውን የኖራ መስመር በመጥረጊያ ያጠፋ ነበር።

በሳምንቱ ሼህ ይመር ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ያን ዳገት በእግራቸው ወጥተው ደሴ መጡ። የስፖርት ኮሚቴው ሰው ዘንድ እኔ ወሰድኳቸው። ልጁ ያሸነፈ ልጅ እንደሆነ፣ የቀረው በእነሱ ምክንያት እንደሆነ፣ ቢያስፈልግ በመስጊድ እንደሚምሉ ተናገሩ። ሰውየው እስኪጨርሱ ሰማቸው።

«አባቴ» አለ፣ «በውድድሩ ደንብ ላይ ስለ ሬሳ የተጻፈ የለም።»

«ጓድ» አሉት ሼህ ይመር፣ «ስለ ሬሳ የተጻፈው ሌላ ቦታ ነው።»

ሰውየው አቀረቀረ። «እኔም እኮ የወሎ ልጅ ነኝ፤ ይጠፋኛል ብለው ነው? ግን ምን ላድርግ? አንደኛ የወጣው ልጅ ተቀጥሯል፣ አንድ ቦታ ነበር፣ ተይዟል።» ክፉ ሰው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ክፉ ሰው ይሰደባል፤ ይህን ሰው ግን ምን እለዋለሁ? በር ድረስ ሸኘን።

ሼህ ይመር መንገድ ላይ ሙሄን ይዘውት ወደ ሸለቆው ሊወርዱ፣ እነሱ ዘንድ ሊደብቁት ጠየቁ። «እርስዎ ይደብቁኛል፤ እማየን ማን ይደብቃታል?» አላቸው ደጅ ሲጠብቀን የነበረው ሙሄ። እውነቱን ነው፤ እሱ ቢጠፋ እትየ ዘሀራ ናቸው የሚታሰሩት። እስከ ከተማው መውጫ ሸኘናቸው።

ለውትድርና ስማቸው የወጣውን ልጆች የጫኑት መኪኖች አንድ ጠዋት በሐረጎ በኩል ወረዱ። ሙሄ ከመሳፈሩ በፊት «ካቴናዋን ዘይት ቀባልኝ፣ ዝናብ አይምታት» አለኝ። ሌላ ነገር እንዲል ጠብቄ ነበር። እኔም ሌላ ነገር ልለው ነበር። የጫነው መኪና ያረጀ ነበረና ዳገቱ ላይ ቢሆን ኖሮ በብስክሌት እደርስበት ነበር፤ ግን ቁልቁለት ነበር።

ብስክሌቷን ኩታበር ድረስ ነድቼ ለእትየ ዘሀራ ሰጠሁ። ጓዳ ውስጥ ግድግዳ ላይ ሰቀሏት። በየወሩ እየሄድኩ ካቴናዋን ዘይት እቀባ ነበር። በሁለተኛው ክረምት መርዶው መጣ። ከእሱ ጋር የነበረ አንድ ቁስለኛ ነው ይዞት የመጣው፤ የት እንደወደቀ ያውቃል፣ ማን እንደቀበረው ግን አያውቅም። «ወደኋላ እየሸሸን ነበር» አለ፣ «ማን ያነሣል ብላችሁ ነው?»

ለቅሶው ላይ ግርማ ከኮምቦልቻ መጥቶ መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። አላየሁም፣ እያቀረቀርኩ ነበር የምነዳው፣ አለ። ዛሬ ጡረታ ወጥቶ የልጅ ልጅ ያሳድጋል፤ ስንገናኝ አሁንም ያንኑ ይለኛል። አምነዋለሁ። ከሁሉ የማልረሳው ግን የሼህ ይመርን መንደር ሰዎች ነው። ከሸለቆው ተነሥተው፣ ደሴን አቋርጠው፣ ኩታበር ድረስ በእግራቸው መጡ። የሚሸከሙት ግን ምንም አልነበረም። ቃሬዛ የለ፣ ሬሳ የለ። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አጣፍተው ደጁ ላይ ተደርድረው ቆሙ፤ ያን ሁሉ መንገድ ይዘውት የመጡትን ትከሻ ምን እንደሚያደርጉት አያውቁም። ዱዓ አደረጉና ተመለሱ።

እትየ ዘሀራ ብዙም አልቆዩ። ብስክሌቷን በመጨረሻ ሳያት ዶሮዎች መሪዋ ላይ ሰፍረውባት ነበር፤ ዘይቱን ይዤ ቆሜ፣ ላባርራቸው አስቤ ተውኳቸው።

ሰዎች ይህን ታሪክ ሲሰሙ ልጁ ምን ያለ ጨዋ ነው ይላሉ፤ የነፍሱን ዋጋ አኼራ ላይ ያገኛል ይላሉ። ያግኝ። እኔ ግን ይቅር አላልኩትም። ያ የሞተ ሰውዬ ጥቂት ዘመም ቢል፣ መሬት ቢነካ፣ ምን ይሆን ነበር? የወደቀ ሬሳ እንደገና ይነሣል፣ ይከፈናል፣ ይቀበራል። ሙሄ ብስክሌቱን ቢነዳ ኖሮ ዛሬ እንደ ግርማ ከልጅ ልጁ ጋር ይጨቃጨቅ ነበር። ይህን ስል እናቴ የምትሰማኝ እየመሰለኝ አፍራለሁ፤ አፍሬም ያንኑ እላለሁ። ጀናዛ ሲያልፍ ግን አሁንም እነሣለሁ። እግሬ አይጠይቀኝም።

ትናንት ያ ወጣት እዚያው ሻይ ቤት መጥቶ ተቀመጠ። ብስክሌቱን አምዱ ላይ አስደግፎ ሻይና ዳቦ አዘዘ። አራጋው ይጠብቀው ኖሯል፤ ወዲያው ተነሥቶ ወረደበት። አሳዳጊ የለህም ወይ፣ የማን ልጅ ነህ፣ አላለውም የምለው ነገር የለም። ልጁ ማዳመጫውን ከጆሮው አውጥቶ ቆመ። ደነገጠ።

«ወላሂ አላየሁም፣ አባባ» አለ። «ዘፈን እየሰማሁ ነበር፤ በጣም ይቅርታ። ሁለተኛ እንዲህ አላደርግም። ካየሁ እወርዳለሁ።»

አራጋው ረክቶ ተቀመጠ። እኔ ግን የልጁን ፊት አየሁት፤ ጢሙ ገና ማቀምቀም የጀመረ ነው። በዚህ አገር ደግሞ ጎረምሳ የሚጫንበት ዘመን አለፈ ስንል ስንት ጊዜ ተመልሶ መጣ።

«አትውረድ» አልኩት።

«አቤት?»

«አትውረድ ልጄ። ማንም ቢሞት አትውረድ፤ እኔም ብሞት አትውረድ። ንዳው።»

ልጁ አራጋውን አየ፣ እኔን አየ፣ ሊስቅ ፈልጎ ተወው። ሽማግሌው ጃጅቷል ብሎ መሆን አለበት። «እሺ አባባ» ብሎ ሻዩን ጨለጠ፣ ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ በአረንጓዴው መንገድ ሄደ። በዓይኔ ተከተልኩት። ጥሩ ነጂ ነው፤ ከመቀመጫው አይነሣም። እንጨቱ ጋ ሲደርስ መንገዱ አለቀበት። ወረደ፤ ብስክሌቱን አነሣና ትከሻው ላይ አድርጓት ወደ ላይ ሄደ።